ደረጃ ሥር ያለው ማሰሮ

ታንታን፣ ማርች 1 ቀን 1996

ለእናቴ ለለላ ባቱል፣ ፌዝ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ ያምሻል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ነፋሱ ብቻ ነው አልተወን ያለው። ብራሂም ሰላም ይልሻል። ወደቡ ላይ ሰርዲን ሲመዝን ውሎ ስለሚገባ ሰላምታውም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አማቴ ለላ ፋድማም ሰላም ትልሻለች፤ ማለቴ አፍ አውጥታ አላለችም፣ ስጽፍ አይታ ዝም ስላለች እንደ ሰላምታ ቆጥሬላታለሁ።

ሲዲ ላርቢ፣ እርስዎም ደህና ነዎት? ዓይንዎ ተሻለዎት? ደብዳቤዬን ለእናቴ ሲያነቡላት አደራዎን፣ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ አንዲትም መስመር እንዳይዘሉ። አውቅዎታለሁ። ቁጣ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ሳል ይይዝዎታል።

እማዬ፣ ለዒድ ለምን እንደቀረሁ ጠይቀሽኛል። ትምህርት ቤቱ የሰጠን ሦስት ቀን ነው፤ መንገዱ ብቻ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ይበላል። ይህንኑ ስል ሰባት ዓመት እንደሞላኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልደግመውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከጎረቤት ለቅሶና ከድመቷ ወሊድ መሃል ሸጉጠሽ፣ «አንዲት ፈረንጅ እንግዳ አለችኝ፤ አንቺ ክፍል ትተኛለች፤ ወጥ መሥራት ትማራለች» ብለሽኛል። ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ! አንደኛውን እችለው ነበር። ሁለተኛውንም ጥርሴን ነክሼ አልፈው ነበር። ሦስተኛውን ግን ካነበብኩት ጀምሮ እህል አልወርድልሽ ብሎኛል።

እኔ ካንቺ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሃያ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። በፌዝ ከተማ ለስንት ሰርግ ወጥ የሠራች የባቱል ልጅ ነኝ። ወጥ ቤቱ ደጃፍ በቆምኩ ቁጥር «ሂጂ፣ ደብተርሽን ያዢ!» ነበር የምትይኝ። ሽንኩርት እንኳ አስልጠሽኝ አታውቂም። አሁን ከየት እንደመጣች የማላውቃት ሴት ሻንጣዋን ይዛ ገብታ አልጋዬ ላይ ተኝታ፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ እጅሽን ትማራለች።

ስንት ቀን ነው የምትቀመጠው? ሊጥ አስነካሻት? የመዳቡን ትሪ አሳየሻት? ማፈር ይገባኝ ይሆናል፣ ግን ልናገረው፤ ቀንቻለሁ።

ልጅሽ ዙሁር


ፌዝ፣ ማርች 13 ቀን 1996

ልጄ ዙሁር፣

ሰላምታሽ ደረሰኝ። ጉልበቴ እንዳለ አለ። ሲዲ ላርቢ ያልሽው ቦታ ሲደርሱ እውነትም አሳላቸው፤ «ይቺን ልዝለላት?» አሉኝ፤ «ያንብቧት፣ ልጄ ናት የጻፈችው» አልኳቸው።

ስንት ቀን ነው ላልሽው፣ ሦስት ቀን ብላ ነው የገባችው። በረመዳን መካከል በራችንን አንኳኩታ፣ ወደ ደቡብ ስሄድ ከሰው ቤት ሾርባ መቅመስ እፈልጋለሁ አለች። ሾርባውን ጠጣችና፣ ውስጡ ምን እንዳለ አንድ በአንድ በምላሷ ነገረችኝ፤ አንዷን ብቻ ሳተች። ያቺን እስክታውቅ ብላ ቀረች። ይኸው ዛሬ አርባኛ ቀኗ ነው። ስሟ ካይሳ ይባላል። አገሯ ፀሐይ የምትሰንፍበት ነው አሉ።

ዓረብኛ ከዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው። ስታወራ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ነው፤ «ሽንኩርቱን ታቀብይኛለሽ?» ስትለኝ ጦርነት የታወጀ ይመስለኛል። የሰፈሩ ምድጃ ቤት ዳቦ ልታስጋግር ስትሄድ ጋጋሪው «ዛሬስ የዓለም ሁኔታ እንዴት ነው?» ይላታል።

ሚዛን ይዛ መጥታለች። ጨው ልጨምር ስል እጄን ትይዘኛለች።

«ስንት ግራም ነው?»

«የሚበቃውን ያህል።»

«የሚበቃው ስንት ነው?»

«ሲበቃ ይነግርሻል።»

ትጽፈዋለች ደግሞ። «ሲበቃ ይነግርሻል» ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ሊጥ አስነክቻታለሁ፣ አዎ። እንደ ሽንኩርት ቆዳ የሚሳሳውን፣ የእርግቡን ሥጋ የምንጠቀልልበትን። የመዳቡን ትሪ ፍም ላይ ደፍቼ፣ ሊጡን በእፍኜ ይዤ መታ መታ ሳደርግ እያየች፣ የእሷ ግን ይቀደዳል። ሳምንት ሙሉ ቀደደች። የተቀደደውን ድመቷ ትበላለች፤ ድመቷ ወፍራለች።

ክፍልሽ እንዳለ ነው። የነካችው አቧራውን ብቻ ነው።

ቀንቻለሁ ያልሽው ይቆይ፤ ድስት ጥጄአለሁ።

እናትሽ ባቱል

(ከጸሐፊው፦ ልጄ ዙሁር፣ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሐኪሙ ማንበብም መጻፍም ከልክሎኛል። ለልጅ ልጄ እነግራታለሁ፤ ከእንግዲህ እሷ ትተካኝ ይሆናል። ላርቢ)


ታንታን፣ ማርች 26 ቀን 1996

እማዬ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሲዲ ላርቢን አላህ ይማራቸው። የልጅ ልጃቸው፣ አንቺም በርቺ፤ እንደ አያትሽ ሳል እንዳይዝሽ፣ እንዳትዘዪ።

ለእንግዳ ልሠራው ነው ያልኩሽ ዶሮ እንዴት ሆነ ብለሽ በአውቶቡሱ ሹፌር አስጠይቀሽኛል። ምነው ባልጠየቅሽኝ!

የብራሂም አለቃ ከነሚስቱ ሊበላ መጣ። በጨው የከረመ ሎሚ ያለበት ዶሮ እሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላው የኖርኩት አይደል? ሎሚውን እንዳለ ከነጨው ጨመርኩት። መታጠብ እንዳለበት ማን ነግሮኝ! ከላይ ደግሞ ጨው ነሰነስኩ። የወይራው ፍሬም ጨው ነበር። አለቅየው አንዴ ጎረሰና ውሃውን ሳይተነፍስ ጨለጠ። አማቴም እንግዶቹ ጆሯቸውን እስኪሰጡ ጠብቃ፣ «የፌዝ ልጅ ናት፣ የዚያች የታወቀችው ወጥ ሠሪ ልጅ ናት ብለው ሰጡን። ይኸው ባሕሩን በድስት አቀረበችልን» አለች። ሁሉም ሳቁ። ብራሂምም ሳቀ፣ ኋላ ይቅርታ ጠየቀኝ እንጂ።

እኔ እዚህ የሰው መሳቂያ ስሆን ያቺ ሴት እዚያ ሎሚ ታጥባለች። በምን ቀን ተወልዳ ነው?

እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እምቢ እንዳትዪኝ። ማሰሮዬን ላኪልኝ። በተወለድኩ በሰባተኛው ቀን፣ ስሜ በወጣበት ቀን፣ ቅቤውን በጨውና በጦስኝ ውሃ አሽተሽ ከትተሽ፣ አፉን በሰም ደፍነሽ ደረጃው ሥር ያስቀመጥሽልኝን። ሰርጌ ቀን ሊከፈት ነበር። ያን ቀን አንቺ ምን ላይ እንደነበርሽ እኔም አንቺም እናውቃለን። የሌላ ሰው ሙሽራ ድግስ ላይ ነበርሽ። «ቃል ሰጥቻለሁ» ብለሽ በሦስተኛው ቀን የአልሞንድ ብስኩት ይዘሽ መጣሽ፤ ድንኳኑ ፈርሶ ነበር። ሰርጌ ላይ የበላሁት የአማቴን ወጥ ነው። እስከ ዛሬ ትቆጥርብኛለች።

ሌላ ምንም አልጠይቅም። ከአጎቴ ልጅ ጋር በአውቶቡስ ላኪልኝ። እዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የሆነ ነገር ያ ብቻ ነው የቀረው፤ ሌላውን እሷ ወስዳዋለች።

ዙሁር


ፌዝ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1996

ልጄ ዙሁር፣

ብርቱካኑ አብቧል። ሰፈሩ ሁሉ አበባ እያፈላ ነው፤ እኔም ሃያ ጠርሙስ የአበባ ውሃ አውጥቻለሁ፣ ሁለቱን በሹፌሩ ልኬልሻለሁ። እንዳትጠጪው፣ ለራስ ምታት ነው፤ ሰላጣ ላይ ጠብ አድርጊው። ሲዲ ላርቢ ሐኪም ቤት ገብተዋል፣ ጸልዪላቸው።

ማሰሮሽን ላኪልኝ ብለሻል። አልክም። ማሰሮ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ልጅ አይሄድም፤ ልጅ ናት ወደ ማሰሮዋ የምትመጣው። መንገዱ ቢያነቃንቀው ሠላሳ ሦስት ዓመት የተኛው ይበላሻል።

ስለ ሰርግሽ ያልሽውን ሰማሁ። ሁለት ጊዜ አስነብቤ ሰማሁት። ሌላ ቀን እመልስልሻለሁ።

ሎሚውን አራት ቦታ ሰንጥቀሽ፣ የውስጡን ሥጋ አውጥተሽ ጣይው፤ ልጣጩን በሦስት ውሃ እጠቢ። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቀምሰሽ። ይህን ሳልነግርሽ መቅረቴ ቆጨኝ። ለአማትሽ ደግሞ እንዲህ በያት፦ የሷን ሰርዲን ፌዝ ውስጥ ድመትም አትበላው። ተዪው፣ አትበያት።

ካይሳ ማክሰኞ ሰባት ቅጠል ሊጥ ሳይቀደድ አወጣች። ጣቶቿ ግን ተላጡ።

ባለፈው አርብ ማሰሮ ከፈትን። ሰሙን በቢላ ሳነሳው ሽታው ከደረጃው ሥር ወጥቶ እስከ ምድጃው ቤት ደረሰ። ጋጋሪው «ለላ ባቱል፣ ማን ሊያገባ ነው?» እያለ መጣ። ኩስኩሱ ላይ አንድ ማንኪያ ብቻ አደረግንበት። ካይሳ ስትቀምሰው አለቀሰች።

እናትሽ ባቱል


ታንታን፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1996

እናቴ፣

ሰላምታዬን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ከፈትሽው! ማሰሮውን ከፈትሽው! «አልክም» ብለሽ ጻፍሽልኝና አራት መስመር ሳትሄጂ «ከፈትን» አልሽኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተኛ ይበላሻል ስትዪ የነበርሽው፣ ለአንዲት መንገደኛ ማንኪያ ልትነክሪበት ነው? ለሰርጌ ያልተከፈተው ለኩስኩሷ ተከፈተ? አለቀሰች አልሽኝ ደግሞ። እሷ ምን ያስለቅሳታል? ማልቀስስ የኔ ነበር። ያን ልቅሶም ነው የነጠቀችኝ።

ደብዳቤሽን ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቼ ሒሳብ ሲሠሩ ነው ያነበብኩት። ጠመኔው እጄ ውስጥ ተሰበረ። አንዷ «መምህርት፣ ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። «የለም፣ ቅቤ ነው» አልኳት። ሳቁብኝ። እዚህ አገር በእኔ የማይስቅ የለም።

እንግዲህ ልናገር። እንደ ተላጠ ድንች የነጣች፣ ሚዛን ተሸክማ የሰው ቤት የምትዞር፣ የራሷን እናት ወጥ ቤት ጥላ የእኔን እናት የወረሰች ሴት ናት። አገሯ እናት የለም? ወይስ እናቷም በግራም ነው የምትወዳት? አሥር ጣቷ ቢላጥ አላዝንላትም። ደብተሯን ይዛ ትሄድና አንድ ቀን ለሰው ስታበላ «ይህን ከፌዝ ያመጣሁት ነው» ትላለች፤ ያንቺን ስም እንኳ አትጠራም። ታያለሽ።

የሲዲ ላርቢ የልጅ ልጅ፣ ይህችንም እንዳትዘዪ። ባንቺ ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል! ቀጥ ያለ፣ የጠራ፤ ተማሪዎቼ እንዲህ እንዲጽፉልኝ ስለምናቸው ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያስተማረሽን አላህ ይባርከው።

እናቴ፣ ከእንግዲህ ለዒድም አልመጣም፣ ለምንም አልመጣም። የምመጣበት ነገር ተበልቷል።

ዙሁር


ፌዝ፣ ሜይ 4 ቀን 1996

ልጄ ዙሁር፣

ዒድ አለፈ። በጉን አረድን፣ ሥጋውን ከዘቢብና ከማር ጋር ቀቅዬ ድርሻሽን አስቀምጬልሻለሁ፤ ያ ደግሞ እስከ ክረምት አይበላሽም። አሁን ቁጭ በይና ስሚኝ።

የሲዲ ላርቢ የልጅ ልጅ ኤፕሪልን ሙሉ መክነስ ነው የነበረችው፣ አክስቷ ጋ። ያመሰገንሽው ጽሕፈት የሷ አይደለም። ይህንንም ያለፈውንም የምትጽፈው ካይሳ ናት። ደብዳቤሽንም ያነበበችልኝ እሷ ናት።

ሁሉንም አነበበችው። «እንዳትዘዪ ብላለች» አለች፣ አልዘለለችም። በዚያ በሬዲዮ ድምፅዋ! «እንደ ተላጠ ድንች የነጣች» ስትል ዜና ነው የመሰለኝ። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ሰደበችሽ ብዬ ሳቅሁባት። ስለ እናቷ የጻፍሽው ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ተቆረጠ። «ይብቃ» አልኳት። «አልጨረስኩም» ብላ ጨረሰችው። ከዚያ ወጥታ ጣሪያው ላይ ልብስ ስታሰጣ ቆየች፤ የታጠበ ልብስ ግን አልነበረም። እናቷ የሞተችው ባለፈው ሴፕቴምበር ነው። ይህን እንዳታስጽፊኝ ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ጻፊ ያልኳት።

ስለ ማሰሮው። የከፈትኩት የራሴን ነው። እናቴ ለእኔ ያኖረችውን። ለሰርጌ ግማሹ ተበላ፣ ግማሹን ለክፉ ቀን ብዬ እንደገና በሰም ደፈንኩት። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለማን ላስቀምጠው? ያንቺ ማሰሮ ደረጃው ሥር ነው፣ ማንም እጁን አላሳረፈበትም። ካይሳ ያኔ ስትጽፍ «የማን ማሰሮ እንደሆነ አልነገርሻትም እኮ» ብላኝ ነበር። «ያልኩሽን ብቻ ጻፊ» አልኳት። ሆን ብዬ ነው ልጄ። ሰባት ዓመት ናፍቆት አላመጣሽም፤ ቅናት ያመጣሽ እንደሆነ ብዬ ነው። እንዲህ ትናደጃለሽ ብዬ አላሰብኩም። አጥፍቻለሁ።

ለምን አላስተማርሽኝም ብለሽ ጠይቀሻል፤ በሁሉም ደብዳቤሽ ነው የጠየቅሽው። መታወቂያ ላወጣ የሄድኩ ጊዜ ጸሐፊው አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ደገመው። «እናቴ፣ አሻራሽ የት ሄደ?» አለኝ። ትሪው ላይ ቀረ፤ ሃያ አምስት ዓመት ፍም ላይ። ያን ጊዜ አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር፣ ቀሚሴን ይዘሽ ቆመሻል። ጣትሽን አየሁት። ይህች ልጅ በኋላ በር አትገባም አልኩ። እኔ የፌዝን ትልልቅ ቤቶች በሙሉ አውቃለሁ፣ ግን የማውቃቸው ከኋላ በኩል ነው። ቆሜ ነው የምበላው። ሙሽራዋ ስሜን አታውቅም። ወጥ ካወቅሽ ይጠሩሻል፤ አንዴ ከጠሩሽ ደግሞ እምቢ ማለት የለም፤ እኔ ለልጄ ሰርግ እንኳ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ያን ቀን የሰው እርግብ ስጠቀልል እንባዬ ሊጡ ላይ እንዳይወርድ አንገቴን አዙሬ ነበር። ይኸው መልሱ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ካይሳን ማስተማር አልፈራሁም። እሷን ማንም በኋላ በር አያስገባትም።

እናትሽ ባቱል

(የተባልኩትን ብቻ ነው የጻፍኩት። ስለ ጽሕፈቴ ላልሽው አመሰግናለሁ። ካይሳ)


ታንታን፣ ሜይ 16 ቀን 1996

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው?

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ለእናቴ ስጽፍ የሌላ ሰው አፍ ውስጥ እንደምገባ እያወቅሁ እንዴት ልጻፍ? ስለዚህ መጀመሪያ ካንቺ ጋር ልጨርስ፣ ካይሳ።

ካይሳ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ እናትሽ ባውቅ ኖሮ ያን አልጽፍም ነበር። ስለ ድንቹም ይቅርታ። ይህን ለእናቴ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ስድቤን ከሰማች ይቅርታዬንም ትስማው። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። አሁን ደግሞ ባሰብኝ። ቀድሞ በእጇ ነበር የምቀናብሽ። አሁን ታሪኳን የነገረችሽ ላንቺ ነው፤ እኔ የምሰማው አንቺ ስትጽፊው ነው። ያ ጸሐፊ ጣቷን ሲጫን አጠገቧ ነበርኩ። ቀለሙን አስታውሳለሁ፤ «አሻራሽ የት ሄደ?» ሲላት እኔም ስቄ ነበር።

እማዬ፣ የሰርጌን ነገር ከእንግዲህ አላነሳም። አንገትሽን አዞርሽ ያልሽውን ሳነብ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት። አማቴ «ደግሞ ምን ሊቃጠል ነው?» አለች። ሎሚውን በሦስት ውሃ አጥቤ፣ ጨውን መጨረሻ ላይ አድርጌ ያን ዶሮ እንደገና ሠራሁት። አማቴ በላች። ሁለተኛ ዳቦም ቆረሰች። ብራሂም ድስቱን ጠረገው።

ግን ኋላ በር ላልሽው መልስ አለኝ። እኔ የመንግሥት አስተማሪ ነኝ፣ ማንም አይጠራኝም። ያንን ካረጋገጥሽ ይኸው ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ለምን ያኔ አልጠራሽኝም? ፍርሃትሽ አልቆ ልማዱ ነው የቀረው። እኔም እንዲሁ፤ ቁጣዬ አልቆ መቅረቱ ነው የለመደብኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ካይሳም እንዳትሸሽጊኝ። ሦስት ወር ሙሉ እናቴ ሰጥታሻለች። እናቴ ደግሞ በነፃ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ ጎረቤት ጦስኝ ብትወስድ ዝንጅብል ታስመልሳለች። በምላሹ ምን ጠየቀችሽ?

ዙሁር


ፌዝ፣ ሜይ 31 ቀን 1996

ልጄ ዙሁር።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጄን ማንም አልያዘኝም። ካይሳ ገበያ ናት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ምን ጠየቅሻት ብለሻል። ፊደል ነው። ወጡ እስኪበስል አንድ ፊደል። እሷ ሊጡን ስትቀድ እኔ ወረቀቱን እቀድ ነበር።

ከሃያ ስምንቱ ሃያ አራቱን አውቃለሁ። አራት ይቀሩኛል። በአራቱ የሚጻፈውን ነገር ትቼዋለሁ። ስትመጪ በአፌ እነግርሻለሁ።

ትቀኛለሽ። አውቃለሁ። እኔም ቀንቼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጆች ፊት ቆመሽ ፊደል አስተማርሽ። እኔ ከበር ላይ ማየት ፈልጌ ነበር። አስተምሪኝ ማለት ግን አፈርኩ። አንቺም አልጠየቅሽኝም።

ካይሳ በጁን አጋማሽ ትሄዳለች። በርጩማው ባዶ ይሆናል።

ማሰሮሽን አየሁት። ሰሙ ደህና ነው። ብቻዬን አልከፍተውም።

ከታች ያለው የጣቴ ቀለም አይደለም። ስሜ ነው።

ባቱል


ቴሌግራም
ከታንታን ወደ ፌዝ፣ ጁን 6 ቀን 1996

ፈቃድ ወጥቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ። ማሰሮዬን ማንም እንዳይነካ። ካይሳ እስክመጣ ትቆየኝ። የቀሩሽን አራት ፊደላት ግን እንዳታስተምርሽ። ዙሁር።